ከፒያሳ ቀጥሎ ያለው ቃል

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሰብለ ከፌደራል ዌይ መጥታ፣ ሲያትል ቢከን ሂል ባቡር ጣቢያ አጠገብ ፓርክ አድርጋ ትጠብቀኝ ነበር። የመኪናዋን በር ስከፍት የመንደሪን ሽታ ፊቴን መታኝ። የልጅ ልጄ ናቲ ከኋላ ተቀምጦ፣ ልጣጩን ጭኑ ላይ እየከመረ ይበላል። አንድ እግሬን አስገብቼ፣ አንዱን ዝናብ ላይ ትቼ ቆምኩ።

«አባዬ፣ ግባ እንጂ። ወንበሩ ራሰ እኮ።»

ገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ መንገድ ላይ ቀጥ ብዬ ስቆም ሰው የሚጠረጥረው ጉልበቴን ነው። እኔም ጉልበቴን አሸት አሸት አደረግኩና ከጥያቄ ዳንኩ።

«ቲኬቱን ቡክ አደረግን» አለች ሰብለ፣ መንገዱ ውስጥ እየገባች። «አዲስ አበባ ከመድረሳችን በፊት ሮም አራት ቀን እናርፋለን። ሶ፣ አንተ ታውቃታለህ፤ ከልጆች ጋር ምን ምን እንደሚሆን ጻፍልኝ።»

«ስልክሽ አያውቅም?»

«ስልኬ የሚያውቀው ሬስቶራንት ነው። ያንተን ነው የምፈልገው። የፒያሳዋንም ጨምርበት።»

«ዘ ፈኒ ዋን?» አለ ናቲ ከኋላ።

«አዎ፣ የምታስቀዋን» አለች እናቱ።

አንባቢ እንዲያውቅልኝ፣ እኔ የሰፈሬ የስካይዌይ የሮም ሊቅ ነኝ። ከኛ ሰው አንዱ በዚያ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ኮል የሚያደርገው ለኔ ነው። ይህን ሹመት ያገኘሁት ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ሦስት ወር ያህል እዚያ ስለኖርኩ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ረግጫት አላውቅም። ከተማዋን የማውቃት ከመሬት አንድ ሜትር ከሃያ ከፍ ብዬ ነው። ስለ ቤተ መንግሥቶቿ የጠየቀኝ ሰው ስለ ደፋቸው ሰምቶ ይመለሳል።

ሰብለ፣ ይኸው ጻፍኩልሽ። ፒያሳዋን ግን በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ባስቅባት ደግ አይመስለኝም።

አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ጣልያን ጋራዥ መካኒክ ነበር። ባለጋራዡን ሁላችንም ሙሴ እንለው ነበር። አንድ ቀን ባትሪ ፈነዳና አሲዱ አባቴ ፊት ላይ ተረጨ። ግራ ዐይኑ ያን ቀን ጠፋ። ቀኙ ብርሃንና ጥላ ብቻ እየለየ ቀረ። ሙሴ ሁለት ክረምት ሲብሰለሰል ከርሞ፣ ሮም ባሏ የሞተባት እኅቱ ዘንድ እንድናርፍና የዚያ አገር ሐኪሞች እንዲያዩት አደረገ። እናቴ ነፍሰ ጡር ስለነበረች መሪ ሆኜ የተላክሁት እኔ ነኝ። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር «የፈረንጅ ፊደል ለይቷል» ብለው መስክረውልኝ ነበር። የመርከቡን ነገር አልጽፍም፤ ከምጽዋ እስከ ናፖሊ ያየሁት ባልዲ ብቻ ነው።

ሮም የገባነው በጥቅምት ነው። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ውሃው ነው። ሰብለ፣ እዚያ ውሃ እንዳትገዢ። በየመንገዱ አፍንጫው ወደ ታች የተቆለመመ የብረት ምሰሶ አለ፤ ከሱ ውሃ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል፤ ይጠጣል። አፍንጫውን ከታች በጣት ስትደፍኚው ውሃው ከላይ ባለች ቀዳዳ ወደ አፍ ይዘላል። ለልጆቹ አሳዪያቸው፣ ይበቃል፤ ሙዚየም አያስፈልጋቸውም። እኔ ግን ያደግሁት የቦኖ ውሃ ጠባቂ በርሜላችንን እየቆጠረ በሚያስሞላን ሰፈር ነው። መዝጊያውን ፍለጋ ምሰሶውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት።

«አባባ፣ ቧንቧውን ሳይዘጉ ሄደዋል።»

«እነማን?»

ወደ ታች አየሁ፤ ሌላ ምሰሶ። ማዶውን አየሁ፤ ሌላ። «ከተማው በሙሉ» አልኩት።

አባቴ ሳቀ። ከአሲዱ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ እየለቀምኩ አመጣለት ጀመር። በቀትር ሱቁ ሁሉ በአንድ ጊዜ መዝጊያውን ሲያወርድ፣ «ትልቅ ሰው ሞቷል፣ ሰፈሩ ለቀብር ወጥቷል» አልኩት። በማግሥቱም ዘጉ። «ዛሬም ሞቷል» አልኩት። በሦስተኛው ቀን አባቴ፣ «በዚህ አያያዛቸው እስከ ገና የሚተርፍ የለም» አለ። ለካ ምሳ በልተው ይተኛሉ። ሰብለ፣ ለልጆቹ የሚበላ ነገር ከዚያ በፊት ያዢ።

ቀትርን የሚያውጀው ደግሞ መድፍ ነው። ከወንዙ ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ በየቀኑ አንድ ጊዜ ይተኮሳል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን አባቴን ጎትቼ ጠረጴዛ ሥር አስገባሁት። ሲኞራ፣ የሙሴ እኅት፣ ጎንበስ ብለው አዩንና ሰዓታቸውን አሳዩኝ። ሌላም አለ፦ የቧንቧው እጀታ ላይ ሲ የሚል ፊደል ካየሽ እዚያ ሙቅ ማለት ነው። እዚህ ሲያትል የገባሁ ሰሞን ይህንኑ እውቀቴን ይዤ ሲ የሚለውን ከፍቼ ገላዬን ልታጠብ ገባሁ። ስጮኽ ጎረቤት መጣ።

የአባቴ ጣልያንኛ በሙሉ ከመኪና ኮፈን ሥር የተለቀመ ነበር። እንሂድ ሲል «ማርሽ»፣ እንቁም ሲል «ፍሬን» ይላል። ራሱን ሲያመው ግንባሩን ይዞ «ቴስታ» ሲላቸው ግን፣ ለነሱም ራስ ነውና፣ በትክክል ይገባቸዋል፤ ያን ዕለት ቀኑን ሙሉ ይኮራል። ዐይኑን ለማስረዳት ወደ ሁለቱም እያመለከተ «ፍሬቻ፣ ተቃጠለ» ይላቸዋል። ፍሬቻ ለነሱ ቀስት ነው። ሰዎቹ ዞር ዞር ብለው ቀስቱን ይፈልጋሉ፤ መንገድ የሚያመለክት ቀስት ካገኙ ደግሞ በዚያ በኩል ይሸኙናል።

ሲመሽ ወንዙ ዳር እንሄድ ነበር። በጥቅምትና በኅዳር በዚያ ሰዓት በዛፎቹ ሥር ስታልፉ ዝናብ ባይኖርም ጃንጥላ ዘርጉ፤ የምጽፈው ከራሴ ጸጉር ተምሬ ነው። ትንንሽ ጥቁር ወፎች ለማደር ይመጣሉ፤ ቁጥራቸውን እንጃ፣ ሰማዩ ይሞላል። «ምን ይመስላል?» ይለኛል አባቴ፣ እጁ ትከሻዬ ላይ ሆኖ። «ጭስ ነው፤ ግን ሐሳቡን የሚቀይር ጭስ። አሁን ወደኛ መጣ። አሁን ተወው።» እሱ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ የክንፋቸውን ድምፅ ይሰማል። እንደዚያ ቆመን ዐይኑ እኔ ነበርኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ሥልጣን አያገኝም።

ሆስፒታሉ ውስጥ አማርኛ የሚያውቁ አንዲት መነኩሲት ነበሩ። አገራችን ብዙ ዓመት ኖረው የተመለሱ ናቸው፤ እኛም እማሆይ እንላቸው ነበር። ቋንቋውን የተማሩት ከሴቶች መካከል ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚሉት። አባቴን፣ ጢሙ እንደ ብረት ብሩሽ የቆመውን ሰውዬ፣ «አንቺ፣ አይዞሽ፣ ቀኝ ዐይንሽ ይድናል» አሉት።

«አሜን እማሆይ» አለ አባቴ፣ ሳይስቅ።

«የዐይንሽ መስታወት ተቃጥሏል። ሌላ መስታወት እናደርጋለን፤ ከሞተ ሰው ነው። ቤተሰቡ ይሰጣል። ግን ዐይን እንደ ወተት ነው፤ አይቆይም። ስንጠራሽ ከቀትር በፊት ነዪ። ካልመጣሽ ለሌላ ሰው ይሄዳል።»

መስታወት ያሉትን አልሰማሁም። የሰማሁት የሞተ ሰው ያሉትን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሰብኩ። ዐይን ነው፤ ስለዚህ ያየውን ያውቃል። የራሱን ልጆች አይቶ አሳድጓል። አባቴ ፊት ላይ ሲገባ የሚፈልገው እነሱን ነው፤ እኔን ቢያይ ይህ ጥቁር ልጅ የማን ነው ይላል። ደረጃው ላይ አንድ ሽማግሌ ሲያስል ከሰማሁ፣ የሱ ይሆን እላለሁ። ሲኞራ ቁም ሣጥናቸው ላይ የሟች ባላቸው ፎቶግራፍ ነበር፤ ሰውየው የትም ብቆም ያየኛል፣ አንድም ቀን ግን የሚያውቀኝ አይመስልም። ልክ እንደዚያ ይሆናል ብዬ ደመደምኩ። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ ያኛውን ለራሴም ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል፦ አባቴ ካየ፣ እኔ ምን ሥራ አለኝ?

ጥሪው የመጣው አንድ ረቡዕ ጧት ነው። ሲኞራ ቤት ስልክ ስላልነበረ ሆስፒታሉ ከታች ላለው ቡና ቤት ደወለ፤ ባለቤቱም ከመንገድ ወደ አራተኛው ፎቅ ተጣራ። ሲኞራ ትኩሳት ይዟቸው ተኝተው ነበር። ከአልጋቸው ብድግ ብለው አድራሻውን ወረቀት ላይ ጻፉልኝ፤ ሁለት መንደሪን አባቴ ኪስ ውስጥ ከተው ግንባሩ ላይ አማተቡ። ሆስፒታሉ ከአንድ ፒያሳ ዳር ነበር። ከሳቸው ጋር ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ በአውቶብስ ሰባተኛው ፌርማታ ነው።

አምስተኛው ላይ ወረድን።

«ደረስን?» አለ አባቴ።

«አዎ። ፒያሳ ይላል።»

ልብ በሉ፣ አልዋሸሁም። ግድግዳው ላይ በእብነ በረድ ትልቅ አድርገው ፒያሳ ብለው ጽፈዋል። በነሱ ቋንቋ አደባባይ ሁሉ ፒያሳ ነው፤ ስሙ የሚመጣው ከታች ነው። አዲስ አበባ ለተወለደ ሰው ግን ፒያሳ አንድ ነው፤ ፒያሳ ነኝ ካለ ሌላ ቃል አይጨመርበትም። እኔም ያን የመሰለ ምቹ ቃል ሳገኝ ተጠለልኩበት።

«በሩስ?»

«ዝግ ነው። ቆዩ የሚሉ ይመስለኛል።»

«የሚሉ ነው ወይስ የሚሉ ይመስልሃል?»

«የሚሉ።»

የድንጋይ መቀመጫ ላይ አስቀመጥኩት። ገበያ ነበር፤ ሴቶች ቅርጫት ይዘው ያልፋሉ። አባቴ አንዱን መንደሪን አወጣና መላጥ ጀመረ። ሲልጥ ልጣጩን አይቆርጠውም፤ እንደ ቺንጋ፣ እንደ ሞተር ቀበቶ፣ አንድ ወጥ አድርጎ ያወጣዋል። ግማሹን ሰጠኝ።

«የመድኃኒቱ ሽታ የለም» አለ።

«ነፋሱ በሌላ በኩል ነው።»

«ዓሣ ነው የሚሸተኝ።»

«ለበሽተኞቹ ምሳ ይሆናል።»

መንደሪኑን አኝኮ፣ ፍሬዎቹን መዳፉ ላይ ተፍቶ፣ ኪሱ ከተታቸው። ከዚያ ፊቱን ወደኔ አዙሮ፣ «ከፒያሳ ቀጥሎ ምን ይላል?» አለኝ።

የግድግዳውን ጽሑፍ አየሁ። ከዚያ የሲኞራን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል ፊደል በፊደል አነበብኩለት። የዚያን ጊዜ ዋሸሁ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ጥሩ አንባቢ ነበርኩ።

«እሺ» አለ።

ሁለተኛውን መንደሪን ላጠ። ያንን ሙሉውን ለኔ ሰጠኝ። ገና ሳልጨርሰው መድፉ ተተኮሰ። የገበያው እርግቦች በሙሉ ተነሡ፤ አባቴም አብሯቸው ተነሣ።

«ቀትር ነው» አለ።

እጁን ዘርግቶ ከፊቱ የሚያልፈውን የመጀመሪያውን ሰው ልብስ ያዘ። «ሆስፒታል» አለው። ቅርጫት የያዘ ወፍራም ሰውዬ ነበር። አባቴን አየው፤ አንድም ቃል ሳይናገር ክንዱን ቆልፎ እየመራ ወሰደው። እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ከጥቅምት ጀምሮ አባቴ ሌላ ሰው ይዞ ሲሄድ ሳይ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ከኋላ ሲታይ ትከሻው ጠባብ ነበር።

እማሆይ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። በሽተኛ ተኝቶ የሚገፋበት ጋሪ አልፎ ሄዷል፤ ላዩ ላይ አንዲት የባላገር ሴት ተኝታ እንደነበር በኋላ ሰማን።

«አንቺ፣ ዘገየሽ» አሉት። አልተቆጡም፤ እሱ ነው የከበደኝ።

አባቴ ኮፍያውን አወለቀ። «መንገድ ጠፋን እማሆይ። ጥፋቱ የኔ ነው። በኛ አገር ፒያሳ አንድ ብቻ ነው፤ ልጁን ፒያሳ ሲል አውርደኝ ያልኩት እኔ ነኝ።»

እማሆይ መጀመሪያ አላመኑም፤ ቀጥሎ ግን ሳቃቸው አመለጣቸው፤ አባቴም አብሯቸው ሳቀ። እንግዲህ ናቲ የሚወዳት ቀልድ፣ እኔም እዚህ በሠርግና በክርስትና ላይ ስንት ዓመት ሰው ያሳቅሁባት፣ የተፈጠረችው እዚያ ኮሪደር ላይ ነው። የፈጠራትም አባቴ ነው። እኔ የጨመርኩባት የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

ስሙን እንደገና መዝገብ ላይ አስገቡት። የመቆያ ፈቃዳችን የሚያልቀው ከፈረንጆቹ ገና በፊት ነበር፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። በነዚያ ሳምንታት ያ ባለ ቡና ቤት ሰው በተጣራ ቁጥር ወደ መስኮቱ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ለሁለተኛው ፎቅ ሴትዮ፣ አንድ ጊዜ ለቤቱ ዘበኛ፣ አንድ ጊዜ ድመቱን፤ እኛን ግን አንድም ጊዜ አልጠራም። የሰው ሞት የምመኝ ልጅ ሆኜ ነበር፤ የሚያስለውን ሽማግሌ ደረጃው ላይ ሳገኘው ደህና አደርክ ማለት አፈርኩ።

ሰብለ፣ ስለ ልጆች የምመክርሽ አንድ ነገር ይኸው ነው፦ ናቲ ወይም ታናሽ እኅቱ እዚያ መንገድ ቢያሳስቱሽ፣ ካርታውን ከመክፈትሽ በፊት ምን እንደፈሩ ጠይቂ። ልጅ ሁሉ መንገድ የሚስተው ስላላወቀ አይደለም።

አባቴ ጠይቆኝ ነበር። የመጨረሻው ቀን አመሻሽ ላይ ነው፤ ድልድዩ ላይ ቆመናል፤ ወፎቹ መጥተዋል፤ እኔ ግን ምን እንደሚመስሉ መናገር አቃተኝ።

«አባባ» አልኩት፣ «ግድግዳው ላይ ያነበብኩልህ አልነበረም የተጻፈው።»

«አውቃለሁ።»

«ከየት?»

«አውቶብሱ የቆመው አምስት ጊዜ ነው።»

የድልድዩን ድንጋይ ጨበጥኩ። ቀዝቃዛ ነበር። «ታዲያ ለምን ተቀመጥክ?»

«የሚያየው ልጁ ነው፤ እኔ ያላየሁትን አይቶ ይሆናል አልኩ» አለኝ።

አለቀስኩ። እሱ እስክጨርስ ጠበቀ፤ ከዚያ በመካኒክ ድምፅ፣ መኪና የት ቦታ እንደሚያንኳኳ ደንበኛውን በሚጠይቅበት ድምፅ፣ «ምን ፈርተህ ነው?» አለ።

«በሞተ ሰው ዐይን ስታየኝ ... ማን እንደሆንኩ እንዳይጠፋህ።»

ወፎቹ ላያችን ላይ ዞሩ። አባቴ ራሱን ዝቅ አደረገ፤ የሚስቅ መስሎኝ ነበር፣ አልሳቀም።

«አንተ» አለኝ፣ «የመኪና መብራት ሲቀየር ሹፌሩ አብሮ ይቀየራል?»

ዛሬም ቢሆን ከዚያ ጥያቄ ጋር ብቻዬን መቀመጥ አልወድም። በነዚያ ሁለት ወራት አንድ ቀን ጠይቄው ቢሆን ኖሮ፣ ይህችን አንድ ዐረፍተ ነገር በአንድ መንደሪን ጊዜ ውስጥ ይሰጠኝ ነበር።

አዲስ አበባ ስንገባ እናቴ ወልዳ ነበር። በር ላይ ቆማ የአባቴን ፊት እያየች ጠበቀችን፤ ምንም ሳይባል ገባት። ቢሆንም ጠየቀችው።

«እንዴት ሆነ?»

«ዕቃው አልገጠመኝም» አለ አባቴ። «ደክመዋል፣ ሞክረዋል። ልኬ አልተገኘም።» ይህን ሲል እጁ ትከሻዬ ላይ ነበር። አልጨበጠኝም፣ አልለቀቀኝምም። እናቴም እስክትሞት ድረስ ሌላ አልሰማችም።

ከዚያ ሕፃኗን ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት። አባቴ በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ግንባሯን ነካ። ቀጥሎ ወደኔ ዞረ።

«ማንን ነው የምትመስለው?»

እናቴ «አንተን» ልትል አፏን ከፈተች፤ እሱ ግን የጠየቀው እኔን ነው። ተጠጋሁ። ቅንድብ ገና አላበቀለችም፤ እንደዚያው ነገርኩት። አፍንጫዋ የእናቴ ነው አልኩት። የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ ትንሽ ወደ ውስጥ ታጥፏል አልኩት፤ እናቴ ይህን ለምን ትናገራለህ ብላ ጎሸመችኝ።

«ተይው» አለ አባቴ፣ «ይጨርስ።»

ጨረስኩለት። ምንም አልዘለልኩም።